በአቀስታና በመካነ ሰላም አካባቢ ቤትን በደላላ ስለ መሸጥ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር ገበሬ ችግር ሲደርስበት መጀመሪያ በግ ያወጣል። በጉ ካልበቃው ጊደሪቱን ይነዳል፤ የሚያርስበትን በሬ የሚሸጠው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው። የከተማው ሰው ግን እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም። የአቀስታ ወይም የመካነ ሰላም ነዋሪ ልጁን ለማሳከም ገንዘብ ሲያጣ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ ወይም ወንድምና እኅት ውርስ ሲካፈሉ ለገበያ የሚቀርበው ንብረት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም ቤቱ ነው። በግ ቢሸጥ ሌላ በግ ይረባል። ቤት ግን በአንድ ቀን ስሕተት ከእጅ ከወጣ በሰውየው ዕድሜ ላይተካ ይችላል።

ስለዚህ ቤት የሚሸጥ ሰው ረዳት ይፈልጋል። ያ ረዳት በአገራችን ደላላ ይባላል። ደላላን የሚያማው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቤት የመሸጥ ነገር በመጣ ጊዜ ሐሜተኛውም ዞሮ ወደ እርሱ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ደላላን ለመውቀስም ሆነ ለማመስገን የተዘጋጀ አይደለም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ደላላ ለቤት ሻጭ የሚሰጠው ጥቅም የትኛው ነው? ለደላላ ሊተው የማይገባውስ ሥራ የትኛው ነው? መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገራለን። ደላላ ገዥ ለማግኘት ይቀጠር፤ ዋጋውን፣ ቀብዱን፣ ውክልናውንና ሰነዱን ግን ሻጩ ከእጁ አያውጣ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ እናስረዳለን።

ሀ. የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ፣ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ከደሴ ወደ ምዕራብ በሚሄደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚዛወረው የመንግሥት ሠራተኛ፣ በዓረብ አገር እየሠራ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልከው ወጣት፣ እንዲሁም በመካነ ሰላም በሚገኘው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያስተምረው መምህር፣ እነዚህ ሁሉ ቤት ፈላጊዎች ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ቤት የሚሸጥ ሰው ገዥ አያጣም፤ የሚቸግረው ትክክለኛውን ገዥ በትክክለኛው ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ሕዝቡ በንግግሩ «እገሌ ቦታውን ሸጠ» ይላል። ደላላውም «200 ካሬ ቦታ አለ» እያለ ያስተዋውቃል። በሕግ ግን የሚሸጥ ቦታ የለም። የገጠር መሬት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ተላለፉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን ደነገገ። በዚያው አንቀጽ ንኡስ ቁጥር 7 ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ተጽፏል፤ በዚህም መብት ውስጥ ንብረቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይገኝበታል። እንግዲህ የሚሸጠው ግድግዳው፣ ጣራው፣ አጥሩና በግቢው የተሠራው ሁሉ ነው እንጂ ከሥሩ ያለው አፈር አይደለም።

ይህ ነገር ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም የቃል ልዩነት እንዳይመስለን። ገዥው ገንዘብ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለአሮጌው የጭቃ ቤት ብሎ አይደለም፤ ቤቱ በአስፋልቱ ዳር ወይም በገበያው አጠገብ ስለ ሆነ ነው። ዋጋው በቦታው ላይ ነው፤ መብቱ ግን በቤቱ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው ባዶ ቦታ አጥሮ፣ ጥቂት ቆርቆሮ አቁሞ «ቤት» ብሎ ለመሸጥ ይሞክራል። ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤትም በደላላ አፍ እንደ ማንኛውም ቤት ይወደሳል። እንዲህ ያለውን ግዢ የፈጸመ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ሻጩም አብሮት ይመላለሳል።

ከዚህ በላይ የይዞታው ዓይነት ዋጋውን ይለውጠዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ገዥ ወደ ፊት የሚከፍለውን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል፤ የማያውቀው ደግሞ ከከፈለ በኋላ ሲሰማ «ተታለልኩ» ይላል። ስለዚህ ሻጭ ደላላ ከመጥራቱ በፊት የመጀመሪያ ሥራው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የይዞታ ማረጋገጫውን ማየት፣ ያልተከፈለ ግብር እንዳለና እንደሌለ መጠየቅ፣ በቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ቤቱ የሚገኘው በቀድሞ የገጠር ይዞታ ላይ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ የገጠር መሬት ደብተር ለሽያጭ የሚያበቃ ሰነድ አይደለምና።

ለ. ስለ ደላላ ስምና ሥራ

«ደላላ» የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ደላል» የመጣ ነው። የዓረብኛው ግሥ ትርጉም መንገድ አሳየ፣ አመለከተ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «ደለለ» የሚል ግሥ አለን፤ እርሱም አባበለ፣ አታለለ ማለት ነው። ሁለቱ በጆሮ ስለሚመሳሰሉ ሕዝቡ ደላላ የሚለውን ስም ሲሰማ መንገድ የሚያሳየውንና የሚያባብለውን በአንድነት ያስባል። በእውነትም በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ሲተረጉም፣ ራሱን ችሎ ጥቅም ለማግኘት ሲል ሰዎችን ለሽያጭ፣ ለኪራይ፣ ለመድን ወይም ለሌላ ውል የማገናኘትን ሥራ ሙያው አድርጎ የያዘ ሰው ነው አለ። በዚህ ትርጉም ውስጥ ዋናው ቃል «ማገናኘት» ነው። ደላላ የሻጭ እንደራሴ አይደለም፤ ዳኛም አይደለም፤ መዝጋቢም አይደለም። ሥራው ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ማቅረብ ነው።

በትንሽ ከተማ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። ሻጩ የሚያውቀው ጎረቤቱንና ዘመዱን ነው። ደላላው ግን ልጁ ከዓረብ አገር ገንዘብ የላከለት ማን እንደ ሆነ፣ ሱቁን ለማስፋት የሚፈልገው ነጋዴ የትኛው እንደ ሆነ፣ ወደዚህ ተዛውሮ ቤት በመፈለግ ላይ ያለው ሠራተኛ የት እንዳረፈ ያውቃል። ብዙ ጊዜም ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ባለሱቅ ወይም በገበያ ቀን ከብት የሚያሻሽጥ ይሆናል፤ ወሬውም ወደ እርሱ የሚመጣው በዚያው ሥራው በኩል ነው። ዛሬ በእጅ ስልክና በቴሌግራም የቤት ሥዕል የሚላክ ቢሆንም ገዥው ይከፍል እንደ ሆነና እንዳልሆነ ሥዕሉ አይናገርም። ደላላው የሚሸጠው ይህን እውቀቱን ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በመጽሐፍ ብዙ የማይነገር፣ በአገራችን ግን ትልቅ የሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም ይሉኝታ ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋራ በቤት ዋጋ ሲከራከር ያፍራል። አብሮ ቅሬ የገባ፣ በልቅሶና በሠርግ የሚገናኝ ሰው «አምስት መቶ ሺህ ጨምርልኝ» ለማለት አንደበቱ ይያያዛል፤ ገዥውም «ጣራህ አርጅቷል» ለማለት ይከብደዋል። ደላላ በመካከል ሲቆም የሁለቱን ቃል ተሸክሞ ይመላለሳል፤ ስድብ ቢኖርበት አለስልሶ ያደርሰዋል፤ ገበያው ቢፈርስም ጉርብትናው አይፈርስም። ይህን ጥቅም የማይቆጥር ሰው የደላላን ዋጋ በትክክል ገመተ ልንል አንችልም።

ሐ. በቀድሞ ጊዜ ሥራው እንዴት ይከፋፈል እንደ ነበረ

የቤትና የርስት ሽያጭ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር የተደረጉ የመሬትና የቤት ሽያጮች በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ተጽፈው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ የሻጩና የገዥው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ የምስክሮቹም ስም ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የምስክሮቹ ብዛት ነው፤ ሽያጩ እንዲጸና የሚፈለገው ብዙ ዓይን ነበረና።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። አንድን ሽያጭ ለመፈጸም ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ገዥን ማግኘት ነው። ሁለተኛው ሻጩ በእውነት ባለቤት መሆኑንና የሚከራከረው ወራሽ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ሦስተኛው ነገሩን በማይካድ ጽሑፍ ማኖር ነው። በቀድሞው ልማድ ሁለተኛውን ሥራ ምስክር፣ ዋስና ሽማግሌ ይሠሩት ነበር፤ ሦስተኛውን ደግሞ ጸሐፊው በታመነ ስፍራ በተቀመጠ መጽሐፍ ላይ በማስፈር ይፈጽመው ነበር።

ዛሬም ሁለተኛውን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ከመንደር አልጠፉም። በወሎ እድር ማለት ቅሬ ነው። የቅሬ ሰው የሟቹ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ፣ በሩቅ አገር ያለችው እኅት በሕይወት እንዳለች፣ ቤቱ ከመጀመሪያዪቱ ወይስ ከሁለተኛዪቱ ሚስት ጋራ እንደ ተሠራ ያውቃል። ሦስተኛው ሥራ ደግሞ ሰነድ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤትና ወደ ማዘጋጃ ቤት ተዛውሯል። ክፉው ነገር የሚመጣው ሻጭ ሦስቱንም ሥራ በአንድነት ለደላላ በሰጠ ጊዜ ነው። ደላላው ገዥውን ያመጣል፤ «ሰነዱ ንጹሕ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ ውሉንም እርሱ ባመጣው ጸሐፊ ያጽፋል። ክፍያ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ የሆነ ሰው የሽያጩ መርማሪ ሊሆን አይችልም። ይህን ለማለት የደላላውን ጠባይ ማማት አያስፈልግም፤ የክፍያውን ሥርዓት ማየት ይበቃል።

መ. ስለ ደላላ ዋጋ

ለደላላ የሚከፈለው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በመቶኛ ነው። በአዲስ አበባ ለቤት ሽያጭ በልማድ የሚነገረው ሁለት በመቶ ነው፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ይኸው አነጋገር ደርሷል። ሁለተኛው መንገድ ሻጩ «በእጄ ይህን ያህል ይግባልኝ» ብሎ ሲወስን፣ ከዚያ በላይ የመጣውን ደላላው የሚወስድበት ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለሻጭ ነጻ አገልግሎት ይመስለዋል፤ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ አያይምና።

ለማስረዳት ያህል አንድ ቁጥር እናስብ። ሻጩ «1,200,000 ብር በእጄ ይግባ» አለ እንበል። ደላላው ቤቱን በ1,350,000 ብር ሸጠው። ደላላው 150,000 ብር አገኘ፤ ይህም ከሽያጩ ዋጋ 11 በመቶ ያልፋል። በሁለት በመቶ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ የሚከፈለው 27,000 ብር ነበር። እንግዲህ ሻጩ ሳያውቀው 123,000 ብር ከፈለ ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ደላላው ትክክለኛው ዋጋ እንዳይታወቅበት ሲል ሻጩና ገዥው እንዳይነጋገሩ ይከለክላል። ሁለቱን ማገናኘት የነበረው ሥራው ሁለቱን መለየት ይሆናል።

የመቶኛውም መንገድ ቢሆን ጉድለት አለው። በሁለት በመቶ የሚሠራ ደላላ ዋጋው በ50,000 ብር ቢጨምር ለእርሱ የሚደርሰው 1,000 ብር ብቻ ነው። ለ1,000 ብር ብሎ አንድ ወር ከሚጠብቅ ዛሬውኑ ሸጦ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ይሻለዋል። ስለዚህ «ገበያው ቀዝቅዟል፤ ይህን ሰው አትልቀቀው» የሚለውን ምክር ሻጭ ሲሰማ ምክሩ ለማን እንደሚጠቅም ማሰብ አለበት። ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በአሜሪካ በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የቤት ደላሎች የገዛ ራሳቸውን ቤት ሲሸጡ የደንበኛቸውን ቤት ከሚሸጡበት 3.7 በመቶ በሚበልጥ ዋጋ እንደሚሸጡና 9 ቀን ተኩል ያህል ጨምረው እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። እነዚያ ደላሎች ፈቃድ ያላቸውና በሕግ የሚጠየቁ ናቸው። ፈቃዱ ግን የክፍያውን ሥርዓት አልለወጠውም።

ሻጭ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ዋጋን ራሱ ማጥናት እንዳለበት ነው። በቅርብ ጊዜ በዚያው ሰፈር የተሸጡ ሦስት ወይም አራት ቤቶችን ዋጋ፣ በተቻለ መጠን ከሻጮቹ ወይም ከገዦቹ አፍ፣ መጠየቅ ይገባል። ከሁለት ደላሎችም ግምት መስማት ይጠቅማል። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ ግን ለማንም ደላላ አለመናገር ይሻላል፤ የተነገረው ዝቅተኛ ዋጋ በማግሥቱ የገዥው መነሻ ዋጋ ይሆናልና።

ሠ. ስለ ቀብድ

በገበያችን አንድ ነገር እንደ ቀብድ በፍጥነት የሚፈጸም የለም። ገዥው ቤቱን ባየበት ቀን ደላላው «ልብ ሳይለወጥ ቀብድ ይያዝ» ይላል። ሻጩም ገንዘቡን ተቀብሎ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ይህ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሚሆን ይናገራል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ቀብድ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን እንደሚመልስ ተደንግጓል።

የዚህን ሕግ ክብደት በቁጥር እንመልከተው። ሻጩ 100,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። በሳምንቱ ሌላ ደላላ መጥቶ «150,000 ብር የሚጨምር ገዥ አለኝ፤ የመጀመሪያውን ቀብድ መልስለት» አለው። ሻጩ ቢስማማ 200,000 ብር መመለስ አለበት፤ የራሱ ኪሳራ 100,000 ብር ነው። ከጭማሪው የሚተርፈው 50,000 ብር ብቻ ሲሆን ከእርሱም ላይ የአዲሱ ደላላ ድርሻ ይነሣል። የመጀመሪያው ደላላም «ገዥ አምጥቻለሁ» ብሎ የድካሙን ዋጋ ይጠይቃል። ከክርክሩና ከቂሙ ጋራ ሲደመር ትርፉ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለ ጽሑፉም እንጨምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና፣ በቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሥርዓት ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል የማይጸና መሆኑን ወስኗል። ኋላም በመዝገብ ቁጥር 36887 ሻጩ ሽያጩን ካልካደ በውሉ አለመመዝገብ ብቻ ሊፈርስ እንደማይገባው ተርጉሟል። ከሁለቱ ውሳኔዎች ሻጭም ገዥም የሚረዱት በደላላ ቤት የተጻፈ የመንደር ውል ዕጣው በሰዎች መካድና አለመካድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ቤትን በሚያህል ነገር እንዲህ ያለ ዕጣ ውስጥ መግባት አስተዋይነት አይደለም።

ስለዚህ ቀብድ ሳይያዝ በፊት ሰነዱ ይመርመር፤ ቀብዱም ትንሽ ይሁን፤ ገንዘቡም ከገዥው በባንክ በቀጥታ ወደ ሻጩ ይግባ። በደላላ እጅ የሚያድር ቀብድ የሁለቱም ወገን ጭንቀት ነው።

ረ. ስለ ውክልናና ስለ ባለመብቶች

በሩቅ ያለ ሻጭ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ወይም በዓረብ አገር የሚኖር ሰው፣ ነገሩን ለመጨረስ ሲቸገር ውክልና ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2204ና 2205 ሁለት ዓይነት ውክልና ለይቷል። ጠቅላላ ውክልና ንብረትን ለማስተዳደር ብቻ ያበቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ «ቤቱን ይሽጥልኝ» ተብሎ የተጻፈ ልዩ ውክልና ከቤቱ ቁልፍ የሚበልጥ ነገር ነው። ሕጉ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል፤ ደላላ ግን ኑሮው ከሽያጩ በሚያገኘው ጥቅም ላይ ነው። ሁለቱን ማዕርጎች በአንድ ሰው ላይ ማኖር ሕግን ከኑሮ ጋራ ማጋጨት ነው። ውክልና መስጠት ግድ ከሆነ ለታመነ የቤተ ሰብ ሰው ይሰጥ፤ ከዚህ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ፣ ገንዘቡም በዚህ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ተብሎ ይጻፍበት።

ሌላው ነገር የሻጩ ብቸኝነት ነው። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ አንዳቸው ብቻቸውን ሊሸጡት አይችሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት እንዲኖር ያዛል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ቤቱ ከወላጅ የተወረሰ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣትና በአንድነት መፈረም አለባቸው። በእኛ አካባቢ ብዙውን ክርክር የሚያመጣው ክፉ ደላላ ሳይሆን ያልተጠየቀች እኅት ናት ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ደላላው «እርስዋ ከሄደች ቆይታለች፤ አትመጣም» ይላል። እርስዋ ግን ትመጣለች። የቅሬ ሽማግሌዎችን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል ያልነው ስለዚህ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ሰ. ከደላላ ጋራ ስለሚደረግ ስምምነት

በሌሎች አገሮች ቤት ሻጭና ደላላ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ውል ይጽፋሉ። በአሜሪካ ሳይቀር የክፍያው ነገር ለብዙ ዘመን ግልጽ ሳይሆን ቆይቶ፣ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር የተባለው የደላሎች ማኅበር በሻጮች ተከስሶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ደንቡን ለመለወጥ ተስማምቷል። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ደንብ የገዥ ደላላ ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዥው ጋራ በጽሑፍ መስማማት አለበት። በአቀስታ እንዲህ ያለ ማኅበርም ክስም አያስፈልገንም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ምስክር ይበቃል። በዚያ ወረቀት ላይ የሚከተሉት ቢጻፉ መልካም ነው እንላለን።

1. የደላላው ሥራ ገዥን ማምጣትና ማገናኘት ብቻ መሆኑ፤ ገንዘብ ለመቀበልና ለመፈረም ሥልጣን የሌለው መሆኑ።

2. ዋጋው በመቶኛ ወይም በተቆረጠ ብር ስንት እንደ ሆነ፤ ከተሸጠበት ዋጋ በላይ የሚወሰድ ትርፍ እንደሌለ።

3. ከገዥውም ወገን የሚቀበል ከሆነ ለሻጩ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ። ከሁለቱም ወገን መቀበል በልማድ ያለ ነገር ነው፤ የሚጎዳው በስውር ሲሆን ነው።

4. ክፍያው የሚፈጸመው ውሉ በሚገባው መሥሪያ ቤት ከተረጋገጠ በኋላ እንጂ በቀብድ ቀን አለመሆኑ።

5. ስምምነቱ የሚቆይበት ጊዜ፤ ለምሳሌ ሁለት ወይም ሦስት ወር። ጊዜው ሲያልፍ ሻጩ ሌላ ደላላ ለመያዝ ነጻ ይሆናል።

6. ሻጩ ራሱ ገዥ ቢያገኝ፣ ወይም ሁለት ደላሎች አንድ ገዥ አመጣን ቢሉ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን። በትንሽ ከተማ ይህ ሁለተኛው ነገር ደጋግሞ የሚያጣላ ስለ ሆነ ደላላው ያመጣቸውን ገዦች ስም በየጊዜው በወረቀቱ ጀርባ መጻፍ ይጠቅማል።

የስም ማዛወሪያውን ወጪና የመንግሥቱን ግብር ማን እንደሚከፍልም በሽያጩ ውል ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ስለ መጠኑ የገቢዎች ጽሕፈት ቤትንና ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ እንጂ በደላላ ቃል መታመን አያስፈልግም። የቀረው ገንዘብ በሚከፈልበት ጊዜም ቁልፉ፣ የውኃና የመብራት ሒሳቡ፣ ተከራይ ካለም የተከራዩ ነገር በአንድ ቀን ይጨረስ።

መደምደሚያ

እንዲህ ያለ ወረቀት ለደላላ ሲቀርብለት «አታምነኝም ወይ?» ብሎ ሊቀየም ይችላል። በአገራችን ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰውም እርሱን ፈርቶ ብዕሩን ያስቀምጣል። ነገር ግን ቀና ደላላ በጽሑፍ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው ራሱ ነው። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ድርሻውን የሚከለከል፣ ገዥውን ካመጣ በኋላ ከኋላው ተገናኝተው የሚተዉት ደላላ ጥቂት አይደለም። በደል በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጽሑፍ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ባጠቃላይ ስንመለከተው ደላላ ለአቀስታና ለመካነ ሰላም ገበያ አስፈላጊ ሰው ነው፤ የማያውቁትን ያስተዋውቃል፤ የሚፈሩትን ያናግራል። የስሙ የመጀመሪያ ትርጉም መንገድ አሳዪ ነው ብለናል። መንገድ አሳዪ መንገዱን ያሳያል፤ መንገደኛው ግን በገዛ እግሩ ይሄዳል። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ራሱ ካወቀ፣ ቀብዱን ራሱ ከተቀበለ፣ ባለመብቶቹን ራሱ ከጠየቀ፣ በመዝጋቢውም ፊት ራሱ ከቆመ ለደላላው የሚከፍለው ገንዘብ በደስታ የሚከፈል የድካም ዋጋ ይሆናል። እነዚህን አራቱን ለሌላ ከሰጠ ግን የሸጠው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ነገሩን የሚያርምበትን ዕድልም አብሮ ሸጧል።